የሰው ድስት መክፈት

እሑድ፣ የካቲት 8

ነገ ጾም ይገባል። ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ ቅበላውን ሲያጣጥም እኔና እህተማርያም የሽሮ ከረጢት ስንደረድር ዋልን። ከእሷ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ቅበላ በወጉ በልቼ አላውቅም። እሷ ታበስላለች፣ እኔ እሸጣለሁ። «እሸት ምግብ» የሚባለው ድርጅታችን ይኸው ነው፤ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ያለች አንዲት ኩሽና፣ እጃቸው የተባረከ ጥቂት ሴቶች፣ ማስታወቂያውን የምትሠራው ሮሃ፣ እና እኛ ሁለታችን። ዓመቱን የምንከርመው በዚህ ጾም ገበያ ነው። የጊጊሪ ሰፈር ቢሮዎችም፣ የእኛ ጾመኛም፣ ሥጋ የማይበላው ፈረንጅም ምሳውን የሚወስደው ወይ ከእኛ ወይ ከጋሽ አየለ ነው።

ጋሽ አየለ የ«ሰፊው ማዕድ» ባለቤት ናቸው። በሥራ ይበልጡናል፣ በዕድሜም እንዲሁ። እዚህ አገር ስመጣ ማረፊያ የሰጡኝ፣ ወረቀቴን እየተሯሯጡ ያስጨረሱልኝ እሳቸው ናቸው። ባላንጣችን ናቸው ብል አፌ እሺ አይለኝም።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ሮሃ በንዴት የጋሽ አየለን ሽሮ ገዝታ መጣች። ጓደኞቿ «የእነሱ ከእናንተ ይጣፍጣል» ብለዋታል። ፍሪጅ ውስጥ አሳድራ ጠዋት ስትከፍተው ላዩ ላይ ቢጫ ነገር ረግቷል።

«ጋሼ ሚናስ፣ ዚስ ኢዝ ቅቤ። ሲ ኒ ክዌሊ፣ እውነት አይደል? ጀስት ፖስት እናድርገው።»

ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ አንዷ አማተበች። እኔ ሻጭ ነኝና ልቤ ውስጥ ደስ ብሎኛል፣ አልክድም። እህተማርያም ግን ከሱቅ የሚረጋውን የአትክልት ዘይት አስመጣችና በእሱ ሽሮ ሠርታ ፍሪጅ ከተተችው። ከሰዓት በኋላ ስናወጣው እሱም ረግቷል።

«ይሄ የጾም ነው፣ ግን ረጋ። ስለዚህ መርጋት ምስክር አይሆንም» አለች።

«ሽታውስ?» አልኳት።

«እኔስ ዘይቴን በኮሰረትና በኮረሪማ አይደል የማነጥረው? የኔም እኮ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሰውየውን በፍሪጅ አልከስም።»

ሮሃ አኮረፈች። እኔም ትንሽ ከፍቶኛል። እጇ ላይ የመጣላትን ዱላ አይታ መልሳ ያስቀመጠች ነጋዴ ከእሷ በቀር አላውቅም። አንዳንዴ ሥራችን የማያድገው ለዚህ ይሆን እላለሁ። ያም ሆኖ ማታ ለባለቤቴ ስነግራት እየኮራሁ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ቸኩያለሁ። ኢልያስ ሆስፒታል። ጉሮሮው ተዘግቶ። እህተማርያም ቀድማኝ ሄዳለች። ዝናብ፣ መንገድ ዝግ፣ ቦዳ ቦዳ ሞተር ይዤ ልሂድ።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ኢልያስ በርበሬና ኮረሪማ በሞያሌ በኩል እያስመጣ ኢስሊ ገበያ ላይ የሚሸጥ ወዳጃችን ነው፤ ለእኛም ለጋሽ አየለም የሚያቀርበው እሱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ወተትና ቅቤ አይስማማውም፣ ከነካው ትንፋሹ ይያዛል። ስለዚህ ከቤቱ ውጭ የሚበላው የእኛን የጾም ምግብ ብቻ ነው። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ስለዋሉ ደግሞ፣ «ዘንድሮ ሠርጌ ነው፣ ለማፍጠሪያ ምግብ አላጣም» ሲለን ነበር። ትናንት የሱቅ ጎረቤቶቹ ለማፍጠሪያ ከሰፊው ማዕድ አዘዙ። ክዳኑ ላይ «የጾም» የሚል አየና በላ።

ከንፈሩ እንዳበጠ ነው ያገኘነው። እህተማርያም አጠገቡ ስትቀመጥ፣ «እህቴ፣ ወላሂ የናንተን ጾም ከናንተ በላይ የማምነው እኔ ነኝ። ያችን ቃል ካየሁ አልጠይቅም» አላት። ሊያስቃት ነበር። እሷ ግን ተነሥታ ኮሪደር ላይ ቆማ አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

«የጻፍነውን ቃል አምኖ ሊሞት ነበር» አለችኝ።

«እኛ መቼ ጻፍነው? እሳቸው ናቸው።»

«ቃሉ አንድ አይደለም እንዴ? እሳቸውም ክዳን ላይ የሚለጥፉት እኔም የምለጥፈው ያንኑ ነው። የሚያቀል ሰው ካለ የኔም ቃል ይቀላል።»

 ሻይ ልግዛላት ብዬ ወረድኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ።

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ጋሽ አየለ ዘንድ ለሰላምታ ጎራ አልኩ። ሳልጠይቃቸው ሰንብቻለሁ፣ ነውር ነው። በጨዋታ መሐል የኢልያስን መታመም አነሣሁ፤ ይሄ ምሥጢር አይደለም፣ ኢስሊ ሁሉ ያወራዋል። ደነገጡ። ከዚያ በሩን ዘጉና እንደ አባት ብዙ ነገር ነገሩኝ። የነገሩኝን ሁሉ እዚህ ማስፈር አያስፈልግም። ሽማግሌ ሰው ሲደክመው ብዙ ይላል።

ሲሸኙኝ «ከፋሲካ በኋላ ስለ ሩንዳው ቅርንጫፍ እናወራለን» አሉኝ። ሩንዳ ሊከፍቱ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ዛፍ በዛፍ።

ዓርብ፣ የካቲት 27

እህተማርያም ለብቻዋ ጋሽ አየለ ጋ ሄደች። ነገሩን ሰው ፊት ከማንሣቷ በፊት ለራሳቸው መንገር አለብኝ ብላ ነው። ሻይ አቀረቡላት፣ ልጄ አሏት። ቅቤ የሚባል ነገር ከቅበላ ወዲህ ደጃቸውን እንዳልረገጠ ማሉላት። ከዚያ እሷ ሳትጠይቅ ጓዳውን፣ ፍሪጁን፣ ቁምሳጥኑን ሁሉ እየከፈቱ አሳዩዋት። ኩሽናው የሳሙና ሽታ ነበረው አለች።

«ሳይጠይቁት ጓዳውን የሚያሳይ ሰው ቀድሞ ወሬ ደርሶታል። ማን ነገራቸው?»

«ኢስሊ ወሬ ይደበቃል?» አልኳት።

«እሱስ» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማታ የበላሁት ሽንብራ ይሆናል።

ሰኞ፣ የካቲት 30

የቤተ ክርስቲያናችን አስተዳዳሪ አባ ኢዮኤል ዘንድ ሄዳ ነገሩን በሽማግሌ ይያዝልኝ ብላ ነበር። «ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን» አሏት። «አባ፣ ከፋሲካ በኋላማ ጾሙ አለቀ» ብላቸው መጣች። ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ተቀምጠን ተከራከርን። በአደባባይ በስሟ ልትናገር ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አልኳት። ነጋዴ የነጋዴን ድስት አይከፍትም፣ ነገ የኛንም የሚከፍት ይመጣል አልኳት።

«ይምጣ። እኔ ራሴ ክዳኑን አነሣለታለሁ።»

«እሺ፣ ካልቀረ ለጤና ቢሮ በስውር ጠቁሚ። ስምሽ አይነሣም፣ እነሱ ሥራቸውን ይሠራሉ።»

«በስውር ጠቁሜ ቢዘጋባቸው፣ በማግሥቱ ደንበኛቸውን ልውሰድ? ያኔ ሌባዋ እኔ ነኝ። የምለውን የምል ከሆነ ቆመው እንዲመልሱልኝ ፊቴን እያዩ ነው።»

«ገበያ ፈልጋ ነው ይሉሻል።»

 እውነት ነው አለች። ድስት ስታጥብ ቆየችና እጇን እየጠረገች መጣች፤ «እንግዲያው እስከ ፋሲካ ከሰፊው ማዕድ የሚመጣ ደንበኛ አንቀበልም። አንድም። እሱንም ጽሑፉ ላይ እናስገባው።»

እኔ ሻጭ ነኝ እኮ። ሽጥ ብላ የቀጠረችኝ ሴት አትሽጥ አለችኝ። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ እዚያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳያት፣ ይህች ሴት አለቃዬ በመሆኗ የልብ ኩራት ተሰማኝ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አላደርገውም ነበር። አላደረግኩትምም።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

ወጣ። ሮሃ በገጻችን ላይ ለጠፈችው፣ በሐበሻ ሱቆችም በር ላይ። እህተማርያም ሮሃ ያሳመረችውን ሁሉ አውጥታ አጭር አደረገችው። ወዳጃችን ኢልያስ «የጾም» የሚል ከሰፊው ማዕድ የመጣ ምግብ በልቶ ወተት የነካው ሰው በሚታመመው ሕመም ታመመ። እኛ ኩሽናው ውስጥ አልነበርንም፤ ያየነው ይህን ብቻ ነው። ባለቤቱን ጠይቀናል፣ አልተቀበሉትም። የሚጾምም ቅቤ የማይስማማውም ሰው ይወቅ። የእኛም ኩሽና ለማንም ክፍት ነው። ከሰፊው ማዕድ የሚመጣ አዲስ ደንበኛ እስከ ፋሲካ አንቀበልም። ከታች ስሟ ከነስልኳ።

ከቃላቱ አንዱም የማታውቀውን አይናገርም። ስለ ስንት ጽሑፍ እንዲህ ማለት ይቻላል?

ኢልያስ ስሙ እንዲገባ ራሱ ነው የጠየቀው። ጋሽ አየለ ትልቁ ደንበኛው ናቸው። «ከነሱ የሚቀረውን ንግድ አላህ ያውቃል፣ ጉሮሮ ግን አንድ ነው ያለኝ» አለ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ስልክ። ስልክ። «ከነሱ ልንወጣ ነው፣ ተቀበሉን።» አንቀበልም። «ለምን?» ጽሑፉን ያንብቡ። አንዲት የሩንዳ ፈረንጅ ሁለቴ ደወለች፣ ሁለቴ እምቢ አልኩ። ምላሴ ከዚህ በፊት እምቢ ብሎ አያውቅም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

የጊጊሪው ትልቁ ቢሮ ከእኛ መውሰድ አቆመ። ከነሱ ሳይሆን ከእኛ። ንትርክ ውስጥ መግባት አንፈልግም ብለው በትሕትና ጽፈዋል። የሰፊው ማዕድን ግን አላቆሙም፤ እሳቸው ዝም ስላሉ ጨዋ ሆነዋል።

ጋሽ አየለ ምግብ ማድረሻ መኪናቸው ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» አስጽፈዋል። ሰው እያየ ይስቃል፣ አብሮ ፎቶ ይነሣል።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ገበያ ፈልጋ ነው እኮ።»

«ታዲያ ደንበኛ ለምን አትቀበልም?»

«እሱም ተንኮሏ ነው።»

እህተማርያምም ሰምታለች፣ አጠገቤ ነበረች። ነጠላዋን አስተካክላ ሁለቱንም በስማቸው ጠርታ ሰላም አለቻቸው። አንዷ ጀርባዋን አዞረችባት። መኪና ውስጥ «ለኢልያስ ሕመም ከወተት ሌላም ምክንያት ይኖራል የሚሉት እውነታቸውን ነው። ያየ ሰው የለም። ያየ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ» አለች።

መስኮቱን ከፈትኩ። ሙቀት ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 18

ሥራ ቀዝቅዟል። ከሴቶቹ አንዷንም አላሰናበተችም፤ በፈረቃ አድርጋ፣ የጎደለውን እሷ ትሸፍናለች። ድስቱን የምታጥበው እሷ ናት፣ መሬቱን የምትወለውለው እሷ ናት። ሮሃ «አንቲ፣ ኢት ኢዝ ኖት ፌር» ብላ ስታለቅስ፣ «ፌር ሆኖ ቢሆን ኖሮ ማን አይናገርም ነበር?» አለቻት። ይህን ስትል እየሳቀች ነበር።

ጋሽ አየለ ደወሉ። አላነሣሁም። መልሼም አልደወልኩም። ያጎረሰኝን እጅ ልንከስ? ሰው ከሞላ ጎደል ጥሩ ከሆነ ለአንድ ነገር ይዋረድ? የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ያለበሱት እሳቸው፣ የታመመ የሚያሳክሙት እሳቸው። እነዚህን ሁሉ ስቆጥር አመሻለሁ፣ ቆጥሬ ስጨርስ ግን እዚያው ነኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 23

አባ ኢዮኤል ጠሩ። ቅዳሜ አዳራሽ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት። እሷ ጽሑፉን እንድታነሣና ይቅርታ እንድትጠይቅ ነው፣ ሕማማት ሳይገባ። አባ አሁን ቸኮሉ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 26

ዛሬ ሁሉንም እጽፋለሁ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኢልያስም መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። አባ ኢዮኤል ስለ ሰላም ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ እህተማርያምን መከሩ፤ አንዱ ነጋዴ የነጋዴን ድስት አይከፍትም አላት፣ ልክ በእኔ ቃል። እሷ ቆማ፣ «ዋሽቼ ከሆነ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አልዋሸሁም። ስለዚህ ልንበረከክ አልችልም» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ለዚያ ሁሉ ሰው ብቻዋን ስትመልስ ያየኋትን ያህል ትልቅ ሆና አይቻት አላውቅም።

ያኔ ጋሽ አየለ እጃቸውን አነሡ።

«ሚናስ እዚህ አለ። ቤቴ የኖረ ልጅ ነው፣ ዛሬ የእሷ ባልደረባ ነው፣ ለማንም አያደላም። ኢልያስ በታመመ ሰሞን ኩሽናዬ መጥቶ ነበር። እሱ ይናገር።»

እህተማርያም ዞራ አየችኝ። መሄዴን አታውቅም ነበር።

ተነሣሁ። ጋሽ አየለ ፈገግ አሉልኝ፤ ገና ከአውቶቡስ ስወርድ የተቀበሉኝ ፈገግታ ነው። ያስነሡኝም በደግነት አምነውኝ እንጂ በክፋት አይደለም። ቁጭ ልል ነበር። «ያየሁት ነገር የለም» ማለት ውሸት አይደለም፤ በእርግጥ ያየሁት የለም፣ የሰማሁት ነው እንጂ። ይህን ለራሴ ሳምንታት ሙሉ ስለው ኖሬያለሁ።

«ጋሽ አየለ፣ በሩን ዘግተው ‹ቅቤ ትንሽ ጣል አደርጋለሁ፣ ለሽታ ነው፤ ፈረንጁ የሚመለሰው ለሽታው ነው› ብለውኛል» አልኩ። «ኢልያስ መታመሙን ቀድሜ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። ለእህተማርያም አልነገርኳትም።»

 ጋሽ አየለ ሊክዱ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ኢልያስን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ጾመኛ አስገደፍኩ። አንተንም ልገድልህ ነበር።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ክደው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከኋላ አንዲት ሴት «ታዲያ በሕማማት ሰጋጁን በስለት የሚያበሉት እሳቸው አይደሉም እንዴ? አሁን ማን ይበላላቸዋል?» አለች። 

ሞምባሳ መንገድ ላይ መኪናው ቆሞ ዝናቡ ሲወርድ እህተማርያም፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለችኝ።

«ኢልያስ ከታመመ ከሁለት ቀን በኋላ ጀምሮ።»

«እኔ ምቀኛ ስባል፣ አንተ ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ሩንዳ ላይ ምን ሊሰጡኝ እንደነበርም አልጠየቀችኝም። ቤቴ በር ድረስ አድርሳኝ ሄደች።

ሰኞ፣ መጋቢት 28፣ ሕማማት

ሥራ መሄድ ፈርቼ ነበር፣ ሄድኩ።

ኩሽናው ውስጥ ሁሉም ጓዙን ሸክፏል። ሮሃ ናት የነገረችኝ፤ እህተማርያም ትናንት ከሆሳዕና ቅዳሴ በኋላ ጋሽ አየለን ቤታቸው ሄዳ አነጋግራቸዋለች። ሳምንቱን ሙሉ እሳቸው ኩሽና ገብታ፣ በራሷ ድስትና በራሷ ዘይት ልታበስል ነው። ሰጋጁ ማታ የሚበላው ከዚያ ነው። ሮሃ «በእኛ ስም ይሁን» ብላት ነበር፤ «ስለቱ የሳቸው ነው፣ በስማቸው ይበላል። እኔ ድስቱ አጠገብ ቆሜ ካዩኝ ሰዎቹ ይበላሉ» ብላታለች። መኪናቸው ላይ ያለውንም ጽሑፍ ጋሽ አየለ ራሳቸው በውሃና በቢላ ሲፍቁት አይታለች።

በሕማማት ሰላምታ የለም። አይሳሳሙም፣ እንዴት አደርክ አይባባሉም። ስለዚህ ስገባ ቀና ብላ አይታኝ ዝም ስትል፣ ወጉን ይዛ ይሁን ቂሟን ማወቅ አልቻልኩም። ኢልያስ የላከውን በርበሬ ቋጠረች፣ ማማሰያዎቹን በጨርቅ ጠቀለለች። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ሴቶቹም አላዩኝም።

መጨረሻ ላይ ትልቁ ድስት ቀረ። አንዱን ጆሮውን ያዘችና ጠበቀች። ሮሃ ልትይዝ ስትመጣ በእጇ መለሰቻት።

«ሚናስ፣ በዚያ በኩል ያዝ።»

ያዝኩ። ደረጃው በዝናብ ረጥቦ ነበር፣ ድስቱም ከባድ ነው፣ እኔ ደግሞ ወደ ኋላ ነበር የምሄደው። ቀስ ብላ፣ በእኔ እርምጃ ልክ ወረደችልኝ።